ስለምወደው ገጣሚ መጽሐፍ ጻፍኩ፤ ከማን ጋር ልገናኝ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

በአርታኢነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ከአሳታሚ ጋር አገናኘኝ» የሚል ስልክ ያልተደወለልኝ ወር የለም፤ ጥያቄዎቹ ከዚያ የተለቀሙ ናቸው።

መጽሐፉን ጨርሻለሁ፤ አሳታሚ ግን አላውቅም። የሚያስተዋውቀኝ ሰው የግድ ያስፈልገኛል?

የግድ አያስፈልግም። ረቂቁን በፖስታ አድርጎ፣ ስልኩን ጽፎ፣ አሳታሚ ቢሮ ትቶ የወጣ ሰው ሥራው ታትሞ አይቻለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው። እኛ ጋ ሥራቸው ማሳተም ብቻ የሆነ ድርጅቶች በጣት ይቆጠራሉ፤ ብዙዎቹ መደብር አላቸው፣ ያከፋፍላሉ፣ ደብተርና የመማሪያ መጽሐፍም ይነግዳሉ። ረቂቅ የሚያነብ ቋሚ ሰው ያላቸው ጥቂት ናቸው። የሚያውቁት ሰው «ይችን እያት» ሲላቸው ያቺ ረቂቅ ከክምሩ ሥር ወደ ላይ ትወጣለች። የትውውቅ ጉልበት እስከዚህ ነው፤ ያስነብባል እንጂ አያሳትምም።

ስለ ገጣሚ የተጻፈ መጽሐፍ ደግሞ ከልብ ወለድ ይለያል። ልብ ወለድ ላይ ከደራሲውና ከአሳታሚው በቀር «ያገባኛል» የሚል የለም። እናንተ የጻፋችሁት ውስጥ ግን የሌላ ሰው ግጥም፣ የሌላ ሰው ፎቶ፣ የሌላ ሰው አባት አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉት ትውውቅ ከአሳታሚ ጋር አይደለም።

ታዲያ መጀመሪያ ከማን ጋር?

ከቤተሰቡ። ከዚያ ገጣሚውን በቅርብ ከሚያውቅ፣ አብሮት ከተማረ ወይም ከሠራ ሰው። ቀጥሎ ረቂቁን ያለ ይሉኝታ ከሚያነብ አንድ ሐያሲ ወይም መምህር። አሳታሚው አራተኛ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው የመጡ ሰዎች አሳታሚው ቢሮ ውስጥ የሚጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤተሰቡ ያውቃል?» የሚል ነው፤ መልሱ «ገና» ከሆነ ሻይው ተጠጥቶ ወሬው ያልቃል።

ቤተሰቡ ሩቅ ሊሆን እንደሚችልም አስቡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. ያረፈው ኒው ዮርክ ነው፤ አስከሬኑ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ሰሎሞን ደሬሳም የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ሚኒሶታ ነበር። የዚያ ትውልድ ገጣሚ ወረቀት፣ ደብዳቤና ካሴት የግድ አዲስ አበባ ላይገኝ ይችላል፤ ሜሪላንድ ያለ ቤት ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን መንገዱ በቀድሞ ተማሪዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ማኅበራትና በከተማው የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ በኩል ነው። ሁለት ሦስት ሰው ተሻግራችሁ ትደርሳላችሁ። ስትደውሉ ብቻ የሰዓቱን ልዩነት አትርሱ፤ የእኛ ማለዳ የእነሱ እኩለ ሌሊት ነው።

ቤተሰቡን እንዴት ነው የምቀርበው?

ሽማግሌ እንደሚላክ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ቤቱ የሚያውቀውና የሚያከብረው ሰው ይቅደማችሁ። በመጀመሪያው ቀን ውል፣ የፈቃድ ወረቀት፣ መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ አትግቡ። ይዛችሁ የምትሄዱት ስለ ልጅነቱና ስለ ቤተሰቡ የጻፋችሁትን ምዕራፍ ነው፤ በወረቀት ታትሞ፣ ፊደሉ ለአዛውንት ዓይን ጎላ ብሎ።

አንድ ጊዜ ከአንድ ወጣት ጸሐፊ ጋር ወደ አንድ ሟች ገጣሚ ባለቤት ቤት ሄድን። እትዬ ቡና አፈሉ፤ አቦሉ እስኪጠጣ ስለ መጽሐፉ ማንም አላነሳም። ቶናው ላይ ተነሥተው አልበም አመጡና ገለጡልን። ገጹ ላይ ፎቶ የለም፤ ፎቶው የነበረበት አራት ማዕዘን ከዙሪያው ወረቀት ይበልጥ ነጥቷል፤ በአራቱም ጥግ የደረቀ ሙጫ አለ። ቀጣዩም ገጽ እንዲሁ። «ለመጽሐፍ ነው፣ ነገ እመልሳለሁ ብሎ የወሰደው ሰው ነው» አሉ፤ ዓመቱን ሲቆጥሩ አሥራ አንድ ሆነ። ወጣቱ የዚያን ቀን ምንም ፎቶ አልጠየቀም። በሌላ ቀን ስካነር በቦርሳ ይዞ ሄዶ እዚያው ሳሎን፣ እሳቸው እያዩ ቀዳ፤ ፋይሉንም በፍላሽ ሰጥቷቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳይጠይቃቸው ደብዳቤዎቹን አወጡለት።

ለሚያስተዋውቀኝ ሰው ምን ብዬ ልጻፍለት?

አጭር። አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የምትለምኑትም አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ብዙ ሰው በአንድ መልእክት አንብቡልኝ፣ አርሙልኝ፣ መቅድም ጻፉልኝ፣ አሳታሚ ፈልጉልኝ ይላል። ይህን ያህል የተጫነበት ሰው «እሺ፣ አየዋለሁ» ይልና ይጠፋል። ሊሆን የሚችለው እንዲህ ያለ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እገሌ እባላለሁ፤ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። ስለ ገጣሚ እገሌ ሕይወትና ሥራ የጻፍኩት 230 ገጽ ረቂቅ አለኝ፤ ተጠናቋል፣ ቤተሰባቸውም አይተውታል። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ እርስዎ ከአቶ እገሌ ጋር እንደሚተዋወቁ ሰምቻለሁና ስሜን ነግረው ስልኬን ቢሰጡልኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አያይዣለሁ። ወድደው ካላገኙት ግን አያስቸግርዎ፤ ያልወደዱትን ቢነግሩኝ እሱም ይጠቅመኛል።»

የመጨረሻዋን መስመር አትዝለሏት። ሰውየው ስሙን አስይዞ ነው የሚደውልላችሁ፤ ሥራውን ካልወደደው በክብር የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል። እኔ ራሴ በይሉኝታ ሳላነብ ያስተዋወቅኩት ረቂቅ ነበር። አሳታሚው ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሎ «አንብበኸው ነበር?» ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል የላክሁለትን ሁሉ በጥርጣሬ ያይ ነበር።

«ሰው አለኝ፣ ትንሽ ነገር ካደረግህ አገናኝሃለሁ» ያለኝ ሰው አለ። ልክፈለው?

አይከፈልም። አርትዖት፣ እርማት፣ የፊደል ለቀማ፣ የሽፋን ንድፍ ሥራ ነው፤ ሥራ ይከፈልበታል። ስልክ ቁጥር መስጠት ሥራ አይደለም።

ረቂቁ በምን መልክ ቢቀርብ ይነበባል?

በወረቀትም በፋይልም አዘጋጁት። ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎች ከስልክ ላይ አያነቡም፤ አሳታሚ ደግሞ ገጹን ለመገመት ፋይል ይፈልጋል። ሙሉውን ከመላክ በፊት አንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ የምዕራፎች ዝርዝርና በጣም የምትተማመኑበትን አንድ ምዕራፍ አስቀድሙ። የግድ የመጀመሪያው ምዕራፍ መሆን የለበትም።

በዩኒኮድ ጻፉ። አሁንም በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተለቀሙ ፋይሎች ይመጣሉ፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ይወጣሉ። ሲቀየሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግጥሙ ነው፤ ስንኞች ይቀጣጠላሉ፣ የቤት መድፊያው፣ የስንኙ መጨረሻ ፊደል፣ መስመር መሐል ይገባል። የጠቀሳችኋቸውን ግጥሞች ከታተመው መጽሐፍ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ከፌስቡክ የተገለበጠ ግጥም ውስጥ አንድ ስንኝ የጎደለበትን ብዙ አይቻለሁ፤ ገጣሚውን የሚያውቅ አንባቢ ያንን ካየ ሌላውን ገጽ አያምናችሁም።

«መጽሐፍህ ውዳሴ ብቻ ነው» ተባልኩ። ማድነቅ ጥፋት ነው እንዴ?

ጥፋት አይደለም። ካልወደዱት ገጣሚ ጋር አራት ዓመት የሚቀመጥ ጤነኛ ሰው የለም። «ውዳሴ ነው» የሚሏችሁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነው፤ አድናቆታችሁን ነገራችኋቸው እንጂ አላሳያችኋቸውም። አንድ ረቂቅ ላይ «ታላቁ» የሚለውን ቃል በእርሳስ እያከበብኩ ቆጠርኩ፤ ሃያ ገጽ ሳልጨርስ አሥራ ሰባት ደረሰ። ደራሲውን «ሁሉንም አውጣቸውና ቦታቸው ላይ ምን እንደሚጎድል እይ» አልኩት። ምንም አልጎደለም። ያኔ ገባው።

አድናቆት ስንኝ ላይ ወርዶ ሲታይ ያምራል። ገጣሚው የወል ቤትን የሚጠቀመው ከሆነ፣ ማለትም ስድስት ስድስት ሆኖ አሥራ ሁለት ቀለም (ክፍለ ቃል) የሚመጣውን፣ የት ላይ ሆን ብሎ እንደሰበረውና ስብራቱ ጆሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ አሳዩ። ጸጋዬን የምታደንቁ ከሆነ ረዘም ያለው ስንኙ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» እስከመባል መድረሱን ጠቅሳችሁ አትለፉ፤ ያ ርዝመት ለመድረክ ድምፅ ምን እንደሰጠው ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ጻፉት። ደበበ ሰይፉ ገጣሚ ብቻ አልነበረም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ሐያሲም ነበር፤ ዛሬ ሁላችንም ሳናስብ የምንጠቀምባቸው እንደ «መቼት» (የታሪኩ ጊዜና ቦታ) ያሉ ቃላት የእሱ እንደሆኑ ይነገራል። ስለ ግጥሙ ብቻ ተጽፎ ስለ ሒሱ ዝም ያለ መጽሐፍ ግማሽ ሰው ነው የሚያሳየን። ግጥሙ መጀመሪያ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ላይ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ያንን ቅጂ ፈልጉ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የድሮ «መነን» እና «አዲስ ዘመን» ገልጦ በኋላ በመጽሐፍ ከወጣው ጋር ማስተያየት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ገጣሚው የቱን ቃል በየቱ እንደለወጠ ስታገኙ የምታደንቁበት ተጨባጭ ነገር በእጃችሁ ገባ።

ሌላው ዝላይ ነው። የእኛ አገር አድናቂ ደራሲ ከንጉሡ ዘመን ተነሥቶ ደርግን በአንድ አንቀጽ አልፎ ሽልማቱ ላይ ያርፋል። አንባቢው ያንን ዘመን ኖሮበታል፤ ገጣሚው ምን እንደጻፈ፣ ምን እንዳልጻፈ፣ ከሳንሱር ጋር እንዴት እንደኖረ መጠየቁ አይቀርም። የማይመቸውን ዓመት የዘለለ መጽሐፍ ገጣሚውን አይከላከልለትም፤ እንደውም ያስጠረጥርበታል።

ታዋቂ ሰው መቅድም ቢጽፍልኝ በሩ ይከፈትልኛል?

አንዳንዴ። መጀመሪያ ግን ቃሉን እንለይ፤ መግቢያውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፣ መቅድሙን ሌላ ሰው ነው፣ የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሦስት መስመር ደግሞ አስተያየት ትባላለች። ለአሳታሚ ብዙ ጊዜ የምትበቃው ሦስተኛዋ ናት። ለታዋቂ ሰውም የምትቀለው እሷ ናት።

መቅድም የምትጠይቁ ከሆነ ገጣሚውን የሚያውቅን ሰው ከዝነኛው አስቀድሙ። ዝነኛው የጻፈው መቅድም አሥር ገጽ ሆኖ ዘጠኙ ስለ ራሱ ሲሆን አይቻለሁ፤ ይታረም ማለት ደግሞ አይቻልም። ቀንም ቁረጡ። «እስከ መስከረም መጨረሻ ካልተመቸዎት ያለ መቅድም እናወጣዋለን» ብሎ በትሕትና መናገር ነውር አይደለም፤ መቅድም እየጠበቀ ሁለት ፋሲካ ያለፈበት ረቂቅ አውቃለሁ።

ገጣሚው በሕይወት ካሉስ?

ከሁሉም በፊት ይወቁ። ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙት ነገሩ ከመጀመሪያው ተበላሸ። አንዳንድ ገጣሚዎች «ቆሜ ሐውልት አታቁሙልኝ» ይላሉ፤ ያ ከሆነ የሕይወት ታሪኩን ትታችሁ በሥራዎቹ ላይ ብቻ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ለታተመ ግጥም ሒስ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ሲፈቅዱ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ረቂቁን አንብበው ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ማሳመር ይጀምራሉ። ዓመተ ምሕረትና ስም እንዲያርሙ ስጧቸው፣ አመስግኑም፤ ፍርዱ ግን የእናንተ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ግጥሞቹን መጽሐፌ ውስጥ ማስገባት እችላለሁ?

ጥቂት ስንኝ ጠቅሶ መተንተንና ግጥሙን ሙሉ በሙሉ ማተም በሕግ የተለያዩ ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ጥቅሱ ለዓላማው ከሚያስፈልገው አይለፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስም ይገለጽ። ስለ ግጥሙ ለማውራት ስምንት ስንኝ ካስፈለጋችሁ ስምንቱን ጥቀሱ። ከመጽሐፉ ጀርባ «የተመረጡ ግጥሞች» ብሎ ሠላሳ ግጥም መደርደር ግን መጥቀስ አይደለም፤ ለዚያ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በዚህ ሒሳብ የጸጋዬ ሥራዎች እስከ 2048 ዓ.ም. የወራሾች ናቸው። ካረፉ 75 ዓመት ያለፋቸው ዮፍታሔ ንጉሤ በሕይወት ሳሉ ያሳተሟቸው ሥራዎች ግን ጊዜያቸው አልፏል። ጥንቃቄ የሚያሻው ገጣሚው ካረፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው ከሞቱ ሳይሆን ከታተመበት ጊዜ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥሞች በመጽሐፍ ተሰብስበው የወጡት ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ የሞተበትን ዓመት ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። ከአሳታሚ ጋር የተዋዋሉ ወራሾችም ስላሉ «ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል» ብቻ አይበቃም፤ መብቱ አሁን በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ።

ፎቶ፣ ደብዳቤና የራዲዮ ቅጂስ?

ፎቶ ከተነሣ 25 ዓመት ድረስ ጥበቃ አለው፤ ባለመብቱ አንሺው እንጂ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው አይደለም። ጊዜው ቢያልፍም የአንሺውን ስም መጻፍ ደንብ ነው። ደብዳቤ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ባለቤትነቱ በወረቀቱ ላይ ነው፤ ቃሉ የጻፈው ሰው ወይም የወራሾቹ ነው። ገጣሚው ለጓደኛው የጻፈውን ለማተም ጓደኛው ቢፈቅድም የገጣሚው ቤተሰብ ይጠየቃል። የራዲዮና የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ደግሞ በጣቢያው በኩል ነው፤ በደብዳቤ ጠይቁ፣ የደብዳቤያችሁንም ቅጂ አስቀሩ።

ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት አለብኝ?

ለማተም የሚቀድም ፈቃድ የለም። ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ተከልክሏል። የሚያስፈልጋችሁ የመጽሐፉ መለያ ቁጥር ነው፤ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ ሁላችንም አሁንም ወመዘክር የምንለው ቤት ነው። ከእኛ አገር ቁጥሮች ብዙዎቹ በ978-99944 ይጀምራሉ። ሲታተም ደግሞ ለዚያው ቤት ቅጂ ገቢ ይደረጋል።

አሳታሚው «የገጣሚ መጽሐፍ ገበያ የለውም» አለኝ። በራሴ ላሳትም?

እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚወጣው በደራሲው ወጪ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የአሳታሚ ስም ቢኖርም። ከመወሰናችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ማተሚያ ቤት ገጽ የሚቆጥረው በጥራዝ ነው፤ አንድ ጥራዝ 16 ገጽ ነው። 230 ገጽ የሆነ መጽሐፍ ወደ 240 ይሄዳል፤ ወይ አሥር ገጽ ባዶ ትከፍላላችሁ፣ ወይ ስድስት ገጽ ቀንሳችሁ 224 ላይ ታቆማላችሁ። ባለ ቀለም ፎቶ በየምዕራፉ ከምትበትኑ በአንድ ስምንት ገጽ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሰብስቡት። ሦስት ማተሚያ ቤት ዋጋ ጠይቁ፤ የዋጋ ማቅረቢያው ላይ የወረቀቱ ግራም፣ የሽፋኑ ዓይነትና ጥረዛው በስፌት ነው ወይስ በሙጫ የሚለው ይጻፍ። ሙጫ ብቻ ከሆነ መጽሐፉ በሦስተኛው ንባብ ይበተናል።

አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ገንዘቡም መጽሐፉ ተሸጦ እንጂ ሲረከብ አይመጣም። ስለዚህ 3,000 ቅጂ አሳትሞ ቤት ውስጥ ከመደርደር 1,000 አሳትሞ ማለቁን ማየት ይሻላል። ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ገዢው ተበታትኗል፦ ገጣሚው የተማረበት ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች፣ የትውልድ አካባቢው ማኅበር፣ የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች፣ ውጭ ያሉ ወዳጆቹ። አስቀድመው ሃምሳና መቶ ቅጂ የሚገዙ ሰዎች ካገኛችሁ የማተሚያውን ቅድመ ክፍያ ይሸፍናሉ፤ «ትውውቅ» የምንለው ነገር በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርንም አነጋግሩ፤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ገጣሚው አባል ከነበረ የሚያውቁት ሰዎች እዚያ አሉ። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሎስ አንጀለስ የሚሠራው ፀሐይ አሳታሚ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ሥራዎችን ያወጣል፤ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃችሁት ከሆነ በተለይ ይታሰብ።

ወራሾቹ አልተስማሙም። አንዷ ፈቀደች፣ ወንድሟ ከለከለ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ወራሽ ማን እንደሆነ እወቁ። ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ባለቤት ደግሞ የምትመጣው በወራሽነት ሳይሆን በጋራ ንብረት ድርሻዋ ነው። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ካለ ቅጂውን ለምኑ። አንዱ ብቻ ፈርሞ ሙሉ ግጥም ብታትሙ ሌላው ሊከስሳችሁ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አሳታሚም አይነካም።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ግን ለግጥሞቹ፣ ለደብዳቤዎቹና ለፎቶዎቹ እንጂ ለእናንተ ትንተና አይደለም። ጥቅሱን አሳጥራችሁ፣ ሙሉ ግጥሞቹን አውጥታችሁ መጽሐፉን ማሳተም ትችላላችሁ። የከለከለውን ወንድም ሳታነጋግሩ ግን አትለፉ። ብዙ ጊዜ የተቀየመው በመጽሐፉ አይደለም፤ ቀድማችሁ እህቱ ቤት በመሄዳችሁ ነው።

ቤተሰቡ «ይህ ምዕራፍ ይውጣ» ካለኝስ?

ከባዱ ይህ ነው፤ አንድ ዓይነት መልስም የለውም። የሐሰት ከሆነ ይውጣ። የሌላ በሕይወት ያለ ሰው ገመና ከሆነና ለግጥሙ ምንም የማይጨምር ከሆነም ይውጣ። እውነት ሆኖ ግጥሙን የሚያስረዳ ከሆነ ግን እንዴት እንደምትጽፉት ተነጋገሩ እንጂ አትቅደዱት። ሙሉ ምዕራፉን ስጧቸው፣ እርሳስም ስጧቸው፣ ጊዜም ስጧቸው። በስልክ አትነግሯቸው፤ በስልክ የተነገረ ነገር ከተጻፈው ይብሳል።

ያ ስካነር ይዞ የሄደው ወጣት ስለ ገጣሚው የመጠጥ ዓመታት የጻፈው ምዕራፍ ነበረው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ለእትዬ ሰጣቸው። በአሥረኛው ቀን ጠሩንና ሄድን። አሥራ ስድስቱን ገጽ ሁሉ አንብበዋል። አንድ የጎረቤት ስም በእርሳስ ሰርዘዋል፤ «ልጆቹ አሉ» ብለው። የታመሙበትን ወር ከጥቅምት ወደ ኅዳር አርመዋል። መጠጡን ግን አልነኩትም፤ ከምዕራፉ መጨረሻ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያው እርሳስ፣ ያን ጊዜ የጻፈውንና የትም ያልታተመውን አራት ስንኝ በቃላቸው ጽፈውለታል።